ሦስት ሰዓት፣ ሦስት ቀን

የአውሮፕላን ቲኬት የምሸጥባት ክፍል ደብረ ታቦር አስፋልቱ ዳር፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ለእንግዳ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አላት። ገብቶ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ከዋጋው በፊት የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

እነግረዋለሁ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አንድ ሰዓት። ከአዲስ አበባ ጅዳ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ አንዳንዴ ሁለት ተኩል። ርቀቱን ለሚጠይቅም መልስ አለኝ፤ የመጀመሪያው በአየር ሦስት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው አንድ ሺህ አራት መቶ ገደማ። እነዚህን ቁጥሮች ያስተማረኝ ኮምፒውተሩ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ በቃሌ አውቃቸው ነበር። ምነው ባላወቅኋቸው ያልኩበት ጊዜም ነበር።

እናቴ ብርቱካን ወደ ጅዳ ስትሄድ አምስት ዓመቴ ነው። ቤታችን ጋፋት ነው፤ ከደብረ ታቦር ገበያ በእግር አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አባቴ ይሻው ገብስና ድንች ያመርታል፤ ድንቹን በየሳምንቱ ወደ ይፋግ አውርዶ ይሸጣል። ታናሽ ወንድሙ ጋሼ ደሳለው ደግሞ ከተማ ውስጥ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር።

እናቴ በሄደች ሰሞን ለቅሶዬ አላቆም ሲል፣ ጋሼ ደሳለው ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ የጓዳው በር ላይ ሦስት ነጥብ አደረገና በመስመር አገናኛቸው።

«ይቺ ባሕር ዳር ናት፤ ይቺ አዲስ አበባ፤ ያቺ ጅዳ። ከዚህ እዚህ አንድ ሰዓት፣ ከዚህ እዚያ ሁለት ሰዓት ከሩብ። እናትሽ ሩቅ አይደለችም፤ አየሽ?»

አየሁ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ማለት ለእኔ ገበያ ደርሶ ተመልሶ እንደገና ገበያ መሄድ ነው። አክስቴ አሰፋሽ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያ የማይተናነስ መንገድ ጌሾ ተሸክመው፣ ያውም በሚያማቸው ጉልበት፣ ሄደው ይመለሱ ነበር። እናቴ ታዲያ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትመጣውን መንገድ እንዴት አትመጣም?

«አባዬ፣ እሑድ እሑድ ለምን አትመጣም? ሦስት ሰዓት እኮ ነው» አልኩት አንድ ቀን።

የሚጠርበውን ሞፈር አስቀምጦ አየኝ። «መንገዱ አይደለም እኮ ልጄ፣ ያራቃት» አለኝ።

አባቴ ጂኦግራፊ ስላልተማረ ነው አልኩ በልቤ። ፓስፖርቷ አሠሪዋ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

በአራተኛው ዓመት፣ በኅዳር፣ ስልክ ደወለች። ወደ አገር የሚመለሱ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስሟ ገብቷል። «ሐሙስ ጠዋት እነሳለሁ» አለች። አባቴ ስልኩን ከዘጋው በኋላም ለረጅም ጊዜ በእጁ ይዞት ቆየ።

ረቡዕ ወደ ባሕር ዳር ወረድን፤ አባቴ፣ ጋሼ ደሳለውና እኔ። አባቴ ለዕለቱ ያሠራውን አዲስ ጋቢ ለብሷል። ሚኒባሱ ውስጥ እንዳይጨማደድበት ያን ሁሉ መንገድ ጀርባውን ሳያስደግፍ ሄደ። ዘመድ ቤት አደርንና ሐሙስ ከምሳ በኋላ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆምን። ድምፁ ከሰማይ ከመምጣቱ በፊት እግሬ ሥር የተሰማኝ መሰለኝ። ከዚያ የነዳጅ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ የሻንጣ ጎማ ሲንኳኳ ተሰማ። የሚወጣውን ሰው አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አርባ ሁለት ሰው ወጣ። የመጨረሻው ወገቡን የያዘ ሽማግሌ ነበር። ከሱ በኋላ በሩ ተዘጋ።

ጋሼ ደሳለው ሰዓቱን አየ። «ምናልባት በሚቀጥለው ይሆናል» አለ።

በሚቀጥለውም አልመጣችም። ዓርብም አልመጣችም። ስልኳ የጅዳ ስልክ ነው፤ አይሠራም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አባቴ «እንሂድ፤ ከብቶቹ ሰው የላቸውም» አለ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ወንበሩን ተደግፎ ተቀመጠ፤ ጋቢው ተጨማደደ።

እኔ ግን አልተጨነቅሁም። ስንወርድ የኛ ሚኒባስ ወረታ ላይ ለምሳ ቆሞ ነበር፤ ሹፌሩ ሽሮውን እስኪጨርስ ስንት ጊዜ ጠበቅን! አውሮፕላኑም እንዲሁ መንገድ ላይ ቆሞ ይሆናል አልኩ። ደመና ላይ እንደ ቆመ፣ ሹፌሩ እጁን ሲታጠብ፣ እናቴ በመስኮት ስታየው በዓይኔ ይታየኝ ነበር።

እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ እህል ውሃ ከቀመሰ በኋላ፣ አንድ ባጃጅ ከአስፋልቱ ወደ እኛ መንገድ ታጠፈ። እናቴ ወረደች። ከማስታውሳት ከስታለች፤ ቀልታለችም። እቅፍ ስታደርገኝ የለመድኩት ጠረኗ አልነበረም፤ የማላውቀው ሳሙና ይሸታል። እጄን በአንገቷ ስጠመጥም ጀርባዋ ላይ አንድ ሞቃት ነገር ነካሁ። በሰማያዊ ፎጣ የታዘለች፣ ስድስት ወር የማይሞላት ሕፃን ነበረች።

ወዲያው ቤቱ ሞላ። ጎረቤቱ «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» እያለ ይገባል፤ ጠላ ይቀዳል። አክስቴ አሰፋሽ ምሰሶው ሥር ተቀምጠው ሕፃኗን ብቻ ያያሉ።

«ይቺ ልጅ የማን ናት?» አሉ በመጨረሻ።

«አደራ ናት፣ እቴ አሰፋሽ» አለች እናቴ።

ስሟን የተናገረች መሰለኝ። አደራ! እኛ ሰፈር እንዲህ የሚባል ሰው ስለሌለ ስሙን ወደድኩት። ከዚያች ቀን ጀምሬ አደራ እያልኩ ጠራኋት፤ ያረመኝ ሰው የለም።

«እሱስ ይሁን። የተነሳሽው ሐሙስ ነው አላልሽም?» አሉ አክስቴ።

«አዎ፣ ሐሙስ ነው።»

«ለመሆኑ ከዚያ እዚህ መንገዱ ስንት ሰዓት ነው?» ጥያቄው ለጋሼ ደሳለው ነበር።

ጋሼ ደሳለው ጉሮሮውን ጠረገና ዝም አለ። የረሳው መሰለኝ። አስተማሪ ሲረሳ ጎበዝ ተማሪ ማስታወስ አለባት። ብድግ አልኩ።

«ሦስት ሰዓት ከሩብ! ጅዳ አዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ከሩብ፤ አዲስ አበባ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት። ከባሕር ዳር እዚህ ደግሞ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል። ሐሙስ ጠዋት የተነሳ ሰው ሐሙስ ማታ ቤቱ ነው!»

«ተባረኪ» አሉኝ አክስቴ። ቀጥለው ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ «ታዲያ ሦስት ሰዓቱ እንዴት ሦስት ቀን ሆነ?» አሉ።

ቤቱ ጭጭ አለ። ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እናቴን ያያል። ክፍል ውስጥ በትክክል ስመልስም መጀመሪያ እንዲህ ዝም ይባላል፤ ጭብጨባው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቆሜ ጭብጨባውን ጠበቅሁ።

«አዲስ አበባ ቆይቼ ነው» አለች እናቴ።

«ምን ትሠሪ?»

«ሰው ስጠብቅ።»

«ማንን?»

እናቴ ሕፃኗን ከጀርባዋ ወደ ጉያዋ አዞረቻት። አባቴ ያልተጠጣውን ጠላ መሬት ላይ አስቀመጠና ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቴ ማደሪያ ማሳው ዳር ያለችው ማማ ሆነች። ድንቹን ከጃርት ሊጠብቅ ነው ተባልኩ፤ አመንኩ። ድንቹ ተቆፍሮ፣ ይፋግ ወርዶ ከተሸጠ በኋላም እዚያው ማደሩን ቀጠለ። ጃርት ባዶ መሬት ላይ ምን ፈልጎ ይመጣል ብዬ አልጠየቅሁም።

መጀመሪያ አደራን አልወደድኳትም። የእናቴን ጀርባ አራት ዓመት የጠበቅሁት እኔ ነኝ፤ የታዘለችው እሷ። ነገር ግን ሕፃን ልጅ ጣት ከያዘ አይለቅም። በጥር እኔን ስታይ መሳቅ ጀመረች። በየካቲት ከእኔ በቀር ሌላ ሰው ሲያባብላት እንቢ አለች።

አንድ ቀን አክስቴ አሰፋሽ ለጎረቤታችን ለውዴ «ዲቃላ ናት እኮ» ሲሏት ሰማሁ። ደስ አለኝ። በሰፈራችን ዲቃላ የምትባለው የመልካሙ ላም ናት፤ በቀን አሥር ሊትር ትታለባለች፤ ግብርና ጽሕፈት ቤት ድረስ የታወቀች ናት። ምንጭ ስንወርድ ለሴቶቹ ሁሉ «የኛ አደራ ዲቃላ ናት» እያልኩ አወራሁ። አንዳንዷ ቀና ብላ ሳታየኝ እንስራዋን አነሳች። ውዴ ብቻ ክንዴን ይዛ ወደ ዳር ወሰደችኝና «ይሄን ቃል ሁለተኛ አፍሽ ውስጥ እንዳላገኘው» አለችኝ። ያስቀናት መሰለኝ።

እናቴ ዓርብ ዓርብ ከቤታችን በላይ ወዳለው ጉብታ ስልኳን ይዛ ትወጣ ነበር፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ነው። ከታች ሆኜ ሳያት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፤ ታወርዳለች፤ መልሳ ታደርጋለች። አክስቴ «ዐረቡን ነው የምታነጋግር» ይላሉ። እኔ ግን አፏ ሲንቀሳቀስ አይቼ አላውቅም። የምታነጋግረው ሰው ብዙ የሚያወራ ሰው ነው አልኩ። ዛሬ ሳስበው፣ ያን ዓመት በሙሉ የደወለችለት ስልክ አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም ነበር።

በሰኔ የንስሐ አባታችን መምሬ ጥላዬ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። አደራን አዝዬ በር ጥግ ቆምኩ። ብዙ ተባለ፤ የገባኝ ጥቂት ነው። በመጨረሻ አባቴ ራሱ ተናገረ። በሰባት ወር ውስጥ እናቴን በቀጥታ ሲያናግራት ያን ጊዜ ሰማሁት።

«ብርቱካን፣ ሌላ አልጠይቅሽም። አንድ ቃል ብቻ ንገሪኝ፤ የማን ናት?»

«ባለቤቷ ስትመጣ ትነግርሃለች።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«አላውቅም።»

መምሬ ጥላዬ መስቀላቸውን በእጃቸው ያገላብጣሉ። «ልጄ፣ ለባልሽ መናገር ኃጢአት አይደለም እኮ» አሏት።

«ምዬ ነው የተቀበልኩት፣ አባቴ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ?» አለች። ጀርባዬ ላይ ያለችው አደራ ስሟ ሲጠራ የሰማች ይመስል አንገቷን አቀናች። ሽማግሌዎቹ ሳይቀምሱ ሄዱ።

ዓመት ዞረ። በሚቀጥለው መጋቢት፣ ገብሱ ከታጨደ ቆይቷል፣ መሬቱ ደርቋል፣ አንዲት ጥቁር ልብስ የለበሰች ቀጭን ሴት ከአስፋልቱ በእግሯ መጣች። እኔ አጥር ግቢው በር ላይ አደራን ታቅፌ ቆሜያለሁ።

«የብርቱካን ቤት ይሄ ነው?» አለችኝ። ዓይኗ ግን እኔ ላይ አልነበረም።

አደራ ሰው አትለምድም፤ ፊቷን አንገቴ ውስጥ ደበቀች። ሴትዮዋ ያን ስታይ መሬት ላይ ቁጭ አለች። መንገዱ አድክሟት ነው ብዬ ውኃ ላመጣላት ልሄድ ስል እናቴ ሽንኩርት ከምታጠጣበት ጓሮ ብቅ አለች፤ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው።

«ዙለይካ!»

ሴትዮዋ ቀና አለች።

«ሁለት ሰዓት ነው አላልሽኝም?» አለች እናቴ። ስቃ ነው አልቅሳ፣ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም። እዚያው አፈሩ ላይ ተንበርክካ አቀፈቻት፤ ጥቁሩ ልብስ ጭቃ በጭቃ ሆነ።

አባቴ ከማሳ ተጠራ። ዙለይካ ያን ቀን በፊቱ የተናገረችውን በከፊል ሰማሁ፤ የቀረውን በየዓመቱ እየለቀምኩ ሞላሁት። ሁለቱ ጅዳ ውስጥ የተገናኙት መመለሻ በሚጠበቅበት መጠለያ ነው። ሲያወሩ የወንዝ ልጆች ሆነው ተገኙ፤ አንዷ ከጋፋት፣ አንዷ ከይፋግ። ዙለይካ ለቤተሰቦቿ ያልነገረችው ልጅ ነበራት። የጉዞው ዕለት ወረቀቱን ዙለይካ ስትይዝ ሕፃኗን እናቴ አዘለች። በመጨረሻው በር ላይ ዙለይካን ከሰልፍ አወጧት፤ አሠሪዋ ጠፋችብኝ ብሎ ከሷት ኖሯል። ልጅ ያዘለችዋን ሴት በዚያ ግርግር መሐል ማንም አላስቆማትም።

«ሂጂ፣ በሚቀጥለው እደርስብሻለሁ፤ ሁለት ሰዓት ነው አልኳት» አለች ዙለይካ። «አባቴ ከእኔ አፍ ሳይሰሙ ለማንም እንዳትናገሪ ብዬም አስማልኳት። ከዚያ ታሰርኩ። ከእስር ስወጣ ሳንባዬን ታመምኩና ሆስፒታል ከረምኩ። ስልኬም፣ ቁጥሯም በዚያው ቀረ።»

«አባትሽ ማን ናቸው?» አላት አባቴ።

«ሐጂ እንድሪስ።»

አባቴ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ድንቹን በየሳምንቱ የሚረከቡት ሰው ሐጂ እንድሪስ ነበሩ።

«በየሳምንቱ ፊት ለፊት ታያቸዋለህ» አለችው እናቴ። «ያንተ ፊት ደግሞ ምንም አይደብቅም። ለአንተ መንገር ለእሳቸው መንገር ነው።»

«አምነሽኝ ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ጀመረ።

«አንተስ?» አለችው።

አልጨረሰውም። ተነሳና ለዙለይካ፣ «ነገ አባትሽ ዘንድ እኔ አስገባሻለሁ» አላት።

በማግሥቱ አራታችን፣ አደራ ስትጨመር አምስታችን፣ ይፋግ ወረድን። እኔን ያስከተሉኝ ሕፃኗ ከእኔ አልለይ ስላለች ነው። አባቴ ዙለይካንና እናቴን ውጭ አቆማቸውና ሕፃኗን የታቀፍኩትን እኔን ብቻ ይዞ ገባ። ሐጂ እንድሪስ በጆንያዎች መሐል መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ሐጂ፣ ዛሬ ድንች አላመጣሁም» አለ አባቴ።

«ምን አመጣህ ታዲያ?»

«የልጅዎን ልጅ። ልጅዎም ደጅ ናት።»

መቁጠሪያው ጣታቸው ላይ ቆመ። ፊታቸው ጠቆረ። አባቴ ጫማውን አውልቆ እግራቸው ሥር ቁጭ አለ።

«ሊቆጡ ይችላሉ፤ አባት ነዎት። ነገር ግን እኔ ሳልጠይቅ፣ ሳልሰማ ተቆጥቼ አንድ ዓመት ከአራት ወር ከቤቴ ውጭ አደርኩ። ያተረፍኩት ነገር የለም። መጀመሪያ ልጅቱን ይያዟት፤ ከዚያ እንደ ወደዱ።»

ሽማግሌው መቁጠሪያውን አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ሕፃኗ ጮኸች፤ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘች። አባቴ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀ። ስሟ ሰሚራ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፤ እናቷ ከደጅ ገብታ ስትጠራት። ወደ ቤት እስክንደርስ አለቀስኩ። ዘረፉን አልኩ። ማንም አላባበለኝም፤ እናቴም በሌላኛው መስኮት በኩል ታለቅስ ነበር።

አባቴ ያን ዕለት መኝታውን ከማማው አምጥቶ ቤት ውስጥ አነጠፈ። አክስቴ አሰፋሽ ይህን ሲሰሙ በነጋታው ማለዳ መጥተው፣ በሚያማቸው ጉልበት ተንበርክከው፣ ከእናቴ ጋር የሽንኩርቱን መደብ ሲያርሙ ዋሉ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ለእናቴ ነገርኳት። ያን እሑድ ሰዓቱን ቆጥሬ የተናገርኩት እኔ መሆኔ ለዓመታት እንቅልፍ እንደ ነሳኝ ነገርኳት። ሳቀች።

«አንቺማ በትክክል ነው የቆጠርሽው» አለችኝ። «እኔም አዲስ አበባ እዚያ በር ላይ ቆሜ ስቆጥር የነበረው እሱኑ ነው። አንዱ አውሮፕላን ያርፋል፤ የለችም። ‹ሁለት ሰዓት አይደል? የሚቀጥለውን ልይ› እላለሁ። ያ ደግሞ ያርፋል። ሁለት ሰዓት ማንም ይጠብቃል፤ ልጄ። ሦስት ቀን ጠብቂ ብትባዪ ትሄጂ ነበር።»

«ለምን አልደወልሽም?»

«ምን ልበል? የሰው ልጅ አዝዬ ቆሜያለሁ ልበል?»

ዙለይካ ዛሬ ይፋግ በአባቷ ሱቅ ትሠራለች። ሰሚራ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ክረምት ክረምት እኛ ጋ ትመጣለች፤ እናቴን እማ ትላታለች። አባቴና እናቴም አብረው አሉ፤ ተጣልተው አይቻቸው አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ከዚያ ወዲህ ተለውጦ ቀረ። እናቴ ከቤት ስትወጣ መቼ እንደምትመለስ አትናገርም። ገበያም ይሁን ለቅሶ፣ ነጠላዋን አጣፍታ «ሄድኩ» ትላለች፤ አለቀ። አባቴም አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም።

ባለፈው ነሐሴ ሰሚራን ልታደርስ ይፋግ ወረደች። አንድ ቀን አለፈ፤ ሁለተኛው ተጀመረ። ከሥራ ስመለስ አባቴን መንገዱ ዳር፣ ትልቁ ድንጋይ ላይ ጃንጥላ ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት። ዝናቡ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጉልበቱ ረጥቧል፤ ከተቀመጠ ቆይቷል።

«ልደውልላት?» አልኩት፤ ስልኬን አወጣሁ።

«ተያት» አለኝ። «ትመጣለች።»

ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ወደ ዳር ጠጋ አለና ቦታ ለቀቀልኝ።